ጽሑፉን ከኮዱ አውጡት

ለአዘጋጁ፣

የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ሁሌ የማገኘው አዲስ ስልክና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ይሁን። ግን እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች በየቀኑ የምንላተምበት ትንሽ ነገር አለ፣ አንዴ እንኳ ስታነሱት አላየሁም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ለሰፈራችን ወፍጮ ቤት ተራ የምታሳይ፣ ትንሽ ስክሪን ያላት ዕቃ ሠራሁ። ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌላት የምታሳየው ጽሑፍ ሁሉ እዚያው ሲ በሚባለው ቋንቋ በጻፍኩት ኮድ ውስጥ መግባት ነበረበት። እኔም ጋሼ፣ ማለቴ ባለ ወፍጮው፣ በቴሌግራም የላኩልኝን ማስታወቂያ ኮፒ አድርጌ መሀል ላይ ለጠፍኩት። ለካ ድርብ ጥቅስ ነበረበት! ሲ ውስጥ ደግሞ ጽሑፍ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በድርብ ጥቅስ ነው። ኮዱን ማሽኗ ወደሚገባት የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ጽሑፉ እዚያ ያለቀ መስሎት የስህተት መዓት አወረደብኝ። በየጥቅሱ ፊት ባክስላሽ (\)፣ በየመስመሩ መጨረሻ ደግሞ አዲስ መስመር ማለት የሆነውን ባክስላሽና ኤን (\n) እየጨመርኩ አመሸሁ። በእኛው « » ቢጽፉት ኖሮ ምንም አይል ነበር።

ጠዋት ደወሉ። «ወረፋ የሚለውን ተራ በለው።» እንደገና ከሀ ጀመርኩ።

የባሰው ገና ነበር። «ተራዎን ይጠብቁ» 8 ፊደልና 1 ክፍት ቦታ ነው፣ 24 ባይት (ባይት የማስታወሻ ቦታ መለኪያ ናት) ይተርፈዋል ብዬ ያዝኩለት። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ተራዎን ይጠብ» እና ባዶ ሳጥን። ጤፍ ይዘው የቆሙ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዕቃህ ትንተባተባለች እኮ» አሉኝ። ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጠው ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ሰ ብቻዋን 225፣ 136፣ 176 ናት። ጽሑፉ 25 ባይት ነው፣ ጽሑፉ ማለቁን ከምታሳየው መዝጊያ ዜሮ ጋር 26። ቁን ለሁለት ቆርጫት ኖሯል።

አሁን ጽሑፉን የማስቀምጠው ለብቻው ፋይል ላይ ነው። ቪም ከሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ጋር የሚመጣ ኤክስኤክስዲ (xxd) የሚባል መሣሪያ አለ፣ ሰረዝ አይ (-i) ብላችሁ ፋይሉን ስትሰጡት ባይት በባይት ወደ ሲ አሬይ፣ ማለትም ወደ ቁጥሮች ዝርዝር፣ ይቀይረዋል፣ ርዝመቱንም ቆጥሮ ይጽፍላችኋል። ስለ ጥቅስም ስለ ባክስላሽም መጨነቅ ቀረ። ግን መጨረሻ ላይ ዜሮ አይጨምርም፤ ይህን ረስቼ ስክሪኗ ከጽሑፉ ቀጥሎ የማይነበብ ነገር ስታግተለትል ግማሽ ቀኔን በልታብኛለች። ጎ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፋይልን ኮድ ውስጥ የማስገባቱን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በ1.16 እትሙ ራሱ ይዞ መጥቷል። የሲ ቋንቋ አዲሱ ደረጃ ሲ23ም ለዚሁ ኢምቤድ የሚል ትእዛዝ አለው፣ የእኔ ኮምፓይለር ግን ገና አልደረሰበትም።

ጀማሪዎች አስተያየት ስጠን ብለው የሚያሳዩኝ ኮድ ውስጥ አማርኛው ሁሉ መሀል መሀሉ ተሰክቶ ነው የማየው። ያኔ የፊደል ግድፈት ሲገኝ የሚያርመው ቋንቋ የሚያውቀው ሰው ሳይሆን ፕሮግራመሩ ይሆናል። እስቲ ከአዳዲሶቹ ስልኮች አንዱን ሳምንት ዝለሉና ስለዚህ ጻፉልን።

ጋሼ አሁን ፋይሉን ራሳቸው አርመው ይልኩልኛል። እኔ አንዲት ትእዛዝ ነው የምጽፈው። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ