አክሴፕት የሚጠራው ትሬድ ሌላ ሥራ አይኑረው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ተጠፋፍተን ቆይተን መልእክትህ ሲደርሰኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። የቤተሰቡን ወሬ በአካል ስንገናኝ እናደርሰዋለንና፣ በጃቫ የጻፍከው ሰርቨር ሰው ሲበዛበት ቀጥ ይላል ያልከኝን ላስቀድም።

የላክህልኝን ኮድ ደጋግሜ አነበብኩት። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ ክር) መስጠትህ ደግ ነው፤ ነገር ግን ትሬዱን ከመክፈትህ በፊት፣ እዚያው አክሴፕትን (አዲስ ግንኙነት የሚቀበለውን ትእዛዝ) እየደጋገመ በሚጠራው ሉፕ ውስጥ፣ የተጠቃሚውን ስም የያዘውን የመጀመሪያ መስመር ታነባለህ። አንድ ሰው ተገናኝቶ ምንም ሳይልክ ዝም ቢል፣ ዋናው ትሬድ የእሱን መስመር ሲጠብቅ ይውላል፤ ከኋላ የመጡትን የሚቀበላቸው የለም። ንባቡን ወደ ሠራተኛው ትሬድ አዛውረው።

ደንበኞችህ «ተገናኝተናል፣ መልስ ግን የለም» የሚሉህም ከዚሁ የተነሣ ነው። የቲሲፒን ግንኙነት የሚከፍቱትን የመጀመሪያ ሦስት ፓኬቶች (የመረጃ እሽጎች) የሚለዋወጠው ያንተ ፕሮግራም ሳይሆን ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ነው፤ ያለቀለትን ግንኙነት በወረፋ ያስቀምጠዋል፣ አክሴፕትም ከወረፋው አንዱን አንሥቶ አዲስ ሶኬት (ከደንበኛው ጋር የምትነጋገርበትን የግንኙነት ጫፍ) ይሰጥሃል። ግንኙነት ለሚጠብቀው የጃቫ ሰርቨር ሶኬት ቁጥር ካልነገርከው የወረፋው ልክ 50 ነው። ሲሞላም ሊነክስ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ አዲሱን መጪ «አልቀበልም» ብሎ አይመልሰውም፤ ፓኬቱን ይጥለዋል፣ ደንበኛውም ጥቂት ጠብቆ እንደገና ይልካል። ስለዚህ ሰው የሚያየው ስሕተት ሳይሆን መዘግየት ነው። ቁጥሩን ማሳደግ ትችላለህ፤ የከርነሉ ጣሪያም ከሊነክስ 5.4 ጀምሮ ከ128 ወደ 4096 ከፍ ብሏል። ዋናው ትሬድ ተይዞ ሳለ ግን ወረፋን ማስረዘም ጥበቃን ከማስረዘም በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ቀጥሎ ለትሬዶቹ ልክ አብጅላቸው። ጃቫ የሚሰጥህ ኒው ፊክስድ ትሬድ ፑል የትሬዶቹን ብዛት ቢወስንም የሥራ ወረፋው ወሰን የለውም፤ የተከፈቱ ሶኬቶች እዚያ እየተከማቹ የፋይል ዲስክሪፕተር ጣሪያህን (ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ሊከፍት የሚችለውን የፋይልና የሶኬት ብዛት) ሊነኩት ይችላሉ። ትሬድ ፑል ኤክስኪዩተርን ራስህ ፍጠርና አሬይ ብሎኪንግ ኪው የሚባለውን ወሰን ያለው ወረፋ ስጠው፤ ሲሞላ ሶኬቱን ዝጋው። ብዙዎች የሚመክሩትን ኮለር ራንስ ፖሊሲ እዚህ ቦታ እኔ አልወደውም፤ የተረፈውን ሥራ ለጠሪው ትሬድ መልሶ ስለሚሰጥ፣ አክሴፕት የሚጠራው ትሬድ ዳግመኛ ንባብ ውስጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሶኬትም በሴት ሶ ታይምአውት የጊዜ ገደብ አብጅለት፣ ያለዚያ ንባቡ ያለ ገደብ ይጠብቃል። በ2023 የወጣው ጃቫ 21 ርካሽ የሆኑትን ቨርቹዋል ትሬዶች አምጥቷል፤ ዳታቤዝህ የሚሸከመው ግን ያው ስለሆነ ልኩን አትተወው።

ሰርቨሩ እንደገና ቀጥ ሲል፣ ከማስነሣትህ በፊት፣ ጄስታክ በሚባለው የጃቫ መሣሪያ የትሬዶቹን ሁኔታ አውጣና ዋናው ትሬድ የቆመበትን መስመር ተመልከት። የኔትወርክ ግንኙነቶችን በሚያሳየው በሊነክሱ ኤስኤስ ትእዛዝም የፖርትህን «LISTEN» የሚለውን ረድፍ እይ፤ በሪሲቭ ኪው ሥር ያለው ቁጥር አክሴፕትን የሚጠብቁት ብዛት ነው። ሁለቱንም ላክልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።

ለእናትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወንድምህ