በመከራ ጊዜ ስለሚያዝ ቂም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በእኛ በጎጃም መከራ የደረሰበት ሰው ብቻውን አይተውም፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እህል ውኃ ይዞ ይመጣል፣ ካህናቱም ያጽናናሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለቀስተኛው ሲበተን ሐዘንተኛው ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ በልቡ መቁጠር ይጀምራል፤ የቀረውንም «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ይልና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል። እምነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፈጣሪ ቂማችንን እንዲወጣልን መማጸናችን ነው።

መጽሐፈ ኢዮብን ስናነሳ ትዕግሥቱን እናወሳለን እንጂ መጨረሻውን በቅጡ አናየውም። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሊያጽናኑት መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት መሬት ላይ አብረውት በዝምታ ተቀመጡ (ካደረጉለት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ገብተን የመከራውን ምክንያት ለማስረዳት የምንቸኩል ሰዎች ልብ ብንለው መልካም ነው)። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ይህ ሁሉ የደረሰብህ በኃጢአትህ ነው እያሉ ልቡን አቆሰሉት። በምዕራፍ 42 እንደምናነበው ኢዮብ ለእነዚሁ ሰዎች የጸለየላቸው ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ከመመለሱ በፊት ነው።

ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ ባለፈው ኅዳር ያየሁትን ልጨምር። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ጤፏ ደርሶ ሳለ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ደመና ቋጠረ። ወንፈል የሚመለስ ጉልበት ነው፤ እሷ የምትመልሰው ስለሌላት ሰው ለመጥራት አፍራ ነበር። ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረው የማሳ ጎረቤቷ ግን ልጆቹን አስከትሎ ማጭዱን ይዞ ሳይጠራ መጣ። ማታ ጠላ ስታቀርብለት «ነፍስ ይማር፤ ክሴ ከእሱ ጋር እንጂ ከጤፉ ጋር አልነበረም» አላት።

ድንበሩ ዛሬም በሽማግሌ እጅ ነው፤ ይቅር ማለት መብትን መተው ነው አልልም። ልቡ የተሰበረ ሰው «ውደድ» ቢባል ፍቅሩን ከየት ያመጣዋል? ሰላምታ መስጠትን፣ ለቅሶ መድረስንና ጉልበት ማዋጣትን ግን ልቡ እስኪፈቅድ ሳይጠብቅ ሊያደርገው ይችላል። በእግዚአብሔር መታመን የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚያቆመኝ ጎረቤቴ ሳይሆን ፈጣሪዬ ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ ማን መጣ ማን ቀረ እያለ ሒሳብ የሚይዝበት ምክንያት ያጣል።

ስለዚህ የንስሐ አባቶችና የእድር ሽማግሌዎች ለ40 ቀን ተዝካር ሲሰበሰቡ፣ ከሐዘንተኛው ጋር የተኳረፈውን ሰው አስቀድመው ቢያስጠሩት እላለሁ። የቀረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው አፍሮ ነውና የሚላክበትን ሽማግሌ የሚመልስ አይመስለኝም።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ