የተቆረጠው ሥጋ የት ገባ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቆዳ ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋን ማስወጣት በብዙ ክሊኒኮች እንደ ጥርስ መንቀል ቀሏል። ይደነዝዛል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፤ የወጣው ሥጋ ከጓንቱ ጋር ቆሻሻ ቅርጫት ይገባል። ቅሬታችን በዚህች መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥጋው ለምርመራ ወደ ላብራቶሪ መላክ ነበረበት።

ሥራው በልኩ ከተሠራ ከባድ አይደለም። ማደንዘዣው፣ አድሬናሊን የሌለው ሊዶኬይን፣ በኪሎ ከ4.5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ባለ 2 ከመቶው ከ11 ሚሊ ሊትር በላይ አይወጋም ማለት ነው። ቆረጣው የቆዳውን መስመር ተከትሎ፣ ርዝመቱ የስፋቱን 3 እጥፍ ያህል ይሁን፤ ካጠረ የስፌቱ ጫፎች ጉብ ብለው ይቀራሉ።

የወጣው ሥጋ መጠኑን 10 እጥፍ በሚሆን ባለ 10 ከመቶ ፎርማሊን፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ፈሳሽ፣ ውስጥ ይገባል። በደረቅ ጓንት ጠቅልሎ መላክ ናሙናውን ማበስበስ ነው። ስም፣ ቀንና የተወሰደበት ቦታ፣ ቀኝ ግራው ሳይቀር፣ በዕቃው ጎን ላይ ይጻፍ። ክዳን ይቀያየራላ! እኛ አገር ዕቃውን ይዞ ላብራቶሪ ለላብራቶሪ የሚዞረው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ስለሆነ ይህን እሱም ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋን በውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ጥቁር ነገር ነው። «ኪንታሮት ነው» ተብሎ በአሲድ ወይም በኤሌክትሪክ ይቃጠላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር አዘውትሮ የሚወጣው ግን እዚያው ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው፤ ቦብ ማርሌይን በ36 ዓመቱ የገደለው ከእግሩ አውራ ጣት የተነሳ ሜላኖማ ነበር። የተቃጠለ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይነበብም። ላይ ላዩን መላጨትም አይረዳም፤ ቀጣዩን ሕክምና የሚወስነው ካንሰሩ በሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደጠለቀ ነውና።

የአንገት እብጠት ደግሞ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት በቀጭን መርፌ ይመርመር። ቲቢ ያለበት ንፍፊት «የስብ እጢ ነው» ተብሎ ሲቀደድ ቁስሉ ሳይድን ለወራት ፈሳሽ ሲያዥ ይቆያል። ኬሎይድም (ገዝፎ ያበጠ ጠባሳ) ቢሆን ከተቆረጠ በኋላ የስቴሮይድ መርፌ ካልተከተለው ብዙውን ጊዜ ገዝፎ ይመለሳል።

የፓቶሎጂው፣ ማለትም የሥጋው የላብራቶሪ ምርመራ፣ ክፍያ ታካሚውን ይከብደው ይሆናል። ሳይጠየቅ በእሱ ፈንታ መወሰን ግን የክሊኒኩ ድርሻ አይደለም። የፊት ስፌት በ5ኛው ቀን ገደማ፣ የእግር እስከ 14 ቀን ቆይቶ ይፈታል፤ ውጤቱ እስከዚያ ካልደረሰ የታካሚው ስልክ ይመዝገብና ሲመጣ ይደወልለት።

ሁለት የጤና ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ