እማዬ፣ ዛሬም ዝናብ ነው

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ትናንት በስልክ «እንዲህ እየዘነበ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትይኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሱን በደብዳቤ ልስጥሽ።

ያለሁት ኒውዚላንድ ነው፤ በደቡብ ደሴት፣ በምዕራቡ ጠረፍ። የተከራየሁት ቫን ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት አለው። ከዌስትፖርት ከተማ ስነሣ ጉዞውን በአምስት ቀን ልጨርስ ነበር ያሰብኩት። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ሃስት የምትባል ትንሽ መንደር ደርሻለሁ። ከፊቴ ያለው መንገድ ላይ አፈር ተንሸራቶ ተዘግቷል። አትጨነቂ፤ የቆምኩት ሜዳ ላይ ነው፣ ከወንዙም ከገደሉም ርቄ።

ዝናቡ ምክንያት አለው። ነፋሱ ከታስማን ባሕር እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። ወዲያው የደቡብ አልፕስ ተራሮች ይገጥሙታል። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ሸክሙን እዚሁ ያራግፋል። ሆኪቲካ የምትባለው የጠረፍ ከተማ በዓመት ከ2,800 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከተራራው ማዶ ያለችው ክራይስትቸርች ግን 600 ገደማ ብቻ። አንድ ደሴት ላይ እኮ ናቸው! ደኑ እስከ መንገዱ ጠርዝ ወርዶ የሚያንጸባርቀው በዚህ ዝናብ ነው።

ፑናካይኪ በምትባል የጠረፍ መንደር ስሱ ስሱ ሆኖ የተደራረበ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ሰዉ «የፓንኬክ ድንጋዮች» ይለዋል። ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ፎቶ አንስቼ ልሄድ ስል ዝናቡ አየለና ቫኑ ውስጥ ገባሁ። ከሰዓታት በኋላ ስወጣ ባሕሩ ሞልቷል። ማዕበሉ ከሥር በዋሻው ገብቶ በድንጋዩ ቀዳዳ ሽቅብ ይፈነዳል። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ቸኩዬ ብሄድ ኖሮ ይህን አላየውም ነበር።

እውነቱን ለመናገር የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት ልትጠይቂኝ ስትመጪ በሦስት ቀን ስምንት ቦታ አሯሯጥኩሽ። ትዝ ይልሻል? አንዱ ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ «ቆይ፣ ትንሽ ልየው» አልሽኝ። እኔ ሰዓቴን አሳየሁሽ። ምንም ሳትይ ተነሣሽ።

ማቴሰን ሐይቅ ዳር ይህ ነገር መጣብኝ። ውኃው ከደኑ በሚወርደው የቅጠል ብስባሽ ጠቁሯል፤ ለዚህ ነው እንደ መስታወት የሚያሳየው። ሁለት ጠዋት ሄጄ ደመና ብቻ አየሁ። በሦስተኛው ሰማዩ ሃያ ደቂቃ ያህል ገለጥ አለ። የአገሩ ትልቁ ተራራ አኦራኪ፣ 3,724 ሜትሩ፣ ከነበረዶው ውኃው ውስጥ ተገልብጦ ተኛ። አንቺ ብትኖሪ ሰዓት ሳታዪ ትጠብቂው ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ እማዬ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። በሚቀጥለው ጊዜ አብረን እንምጣ። በቀን ሰባ ኪሎ ሜትር ብንነዳ ይበቃናል። ብዙው ድልድይ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ትንሿ ቀይ ቀስት ያለችበት ወገን ቆሞ ያሳልፋል። እዚህ ማንም አይጣደፍም።

ክፉውንም ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትታዘቢኝ። የረጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ሌሊት በትንፋሻችን መስኮቱ ስለሚያልበው፣ ዝናብም ቢሆን በትንሹ ከፈት አድርጎ መተኛት ግድ ነው። ናሙ የሚሏት ትንሽ ጥቁር ዝንብም አለች፤ የምትነክሰው ሴቷ ናት። ደግነቱ ሲመሽ ትተወናለች። ስለዚህ ቀን ላይ ረጅም እጅጌ፣ ማታ ደግሞ ደጅ ቁጭ ብለን ባሕሩን መስማት ነው።

ከሰሜን ያመጣኝ መንገድ ከሃስት ጋር የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከዚያ በፊት እዚህ የነበሩ ሰዎች ስንት ዝናብ ጠብቀዋል! እኔ አንድ ሁለት ቀን ብቆይ ምን አለበት? መንገዱ ከተከፈተልኝ በተራሮቹ መካከል የሚያሳልፈውን የሃስት ማለፊያ አቋርጬ ወደ ዋናካ ከተማ እወርዳለሁ።

ሐኪሙ ስለ ጉልበትሽ ያለሽን ንገሪኝ። ዛሬ ጠዋት የቫኑን ደረጃ ለካሁት፤ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ነው። በሩ አጠገብ መያዣም አለው። ትወጪዋለሽ አይደል?

ልጅሽ