ገርበብ ያለው በር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ባለፈው «ጃፓን ሁለት መቶ ዓመት በሯን ጠርቅማ ኖረች» ስትዪኝ ስልኩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። አልጠረቀመችውም። ለአውሮፓውያን እንኳ ናጋሳኪ ወደብ ላይ ገርበብ አድርጋ ትታላቸው ነበር። ቦታው ዴጂማ ይባላል።

ዴጂማ በ1636 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ባሕር ውስጥ አፈር ተሞልቶ የተሠራች ደሴት ነበረች። ቅርጿ ማራገቢያ ይመስል ነበር። ስፋቷ አንድ ሄክታር ተኩል ቢሆን ነው። የታሰበችው ለፖርቹጋሎች ነበር፤ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለው ካቶሊክነትን እንዳይሰብኩ። በ1639 ጭራሽ ተባረሩ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ካስወጡ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። አይገርምም? በ1641 ባዶዋ ደሴት ለሆላንዶች ተሰጠች። እነሱ ንግድ እንጂ ስብከት አያሳስባቸውም።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ከከተማው የሚያገናኛቸው አንድ ድልድይ ነው፤ እሱም ላይ ዘበኛ አለ። ያለ ፈቃድ ንቅንቅ የለም። መርከብ እንደገባ የጸሎት መጻሕፍታቸው ይታሸጋል። መርከቡ ሐርና ስኳር ያራግፋል፤ መጀመሪያ ብር፣ በኋላ መዳብ ጭኖ ይመለሳል። የቀሩት ጥቂት ሰዎች እስከ ከርሞ ቁጭ ነው። በዚህ ላይ የደሴቲቱን ኪራይ ይከፍላሉ! እንደኔ እንደኔ ደሞዝ ያለው ግዞት ነው።

አለቃቸው በየዓመቱ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ድረስ ሄዶ ለሾጉኑ፣ አገሩን ለሚገዛው የጦር አለቃ፣ እጅ ይነሳል። በ1691 አብሮ የሄደው ሐኪም ኬምፕፈር እንደጻፈው፣ በሾጉኑ ፊት ጨፍሩ፣ ዝፈኑ፣ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ ይባሉ ነበር።

ሚስት ማምጣትም ክልክል ነው። በ1817 ቲቲያ ቤርግስማ የምትባል ሴት ከአዲሱ አለቃ ባሏ ጋር ሕፃን ልጇን ይዛ መጣች። ባልየው ደጅ ጠና፤ አልሆነም። እሱ ሥራው ላይ ቀረ፣ እሷ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከነልጇ ተሸኘች። በ1821 ሞተች፤ ከባሏ ጋር ዳግም አልተያዩም። የናጋሳኪ ሠዓሊዎች ግን በነዚያ ጥቂት ወራት ደጋግመው ስለሣሏት፣ ከአገር ያስወጧት ሴት መልክ እዚያው ጃፓን ቀረ። እኔን እዚህ ጋ ያናድደኛል።

ታዲያ በዚህ በር ማን ተጠቀመ? ነጋዴዎቹ ይባላል። እኔ ግን ከድልድዩ ማዶ፣ ከተማው ውስጥ የነበሩት ናቸው ባይ ነኝ። የናጋሳኪ አስተርጓሚዎች ሙያቸውን ለልጆቻቸው እያወረሱ የሆላንድን ቋንቋ ያዙ። በ1720 ሾጉን ዮሺሙኔ የውጭ መጻሕፍትን እገዳ ሲያላላ፣ እያደር ሐኪሞችም ገቡበት።

በ1771 ሱጊታ ጌንፓኩና ማኤኖ ርዮታኩ የሚባሉ ሐኪሞች፣ ኤዶ ውስጥ በሞት የተቀጣች ሴት አስከሬን ሲከፈት ለማየት ሄዱ። ሳይነጋገሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት የሆላንድ የአናቶሚ መጽሐፍ ይዘው መጥተዋል። ከፋቹ ዘጠና ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሳንባውን ጉበቱን እያነሱ ሲያሳዩ፣ እነሱ ሥዕሉን ይገልጣሉ። ቁጭ እሱን! የለመዱት የቻይና ሥዕል ግን አልገጠመም። በማግስቱ ትርጉሙን ጀመሩት። ጌንፓኩ ያኔ የሆላንድን ፊደል እንኳ አይለይም ነበር። ድፍረቱን እይልኝ! በ1774 መጽሐፉ ታተመ።

ለክፍል ጽሑፍሽ ደግሞ ይቺን ጨምሪ። በ1670ዎቹ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ አርመናዊው ነጋዴ ኮጃ ሙራድ የእኛ መልእክተኛ ሆኖ የሆላንዶች ዋና ሰፈር ወደነበረችው ባታቪያ፣ ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ሄዶ ነበር። ከስጦታው ውስጥ የሜዳ አህያ አለበት። የሆላንዱ ገዥ ምን አደረገ? የተሰጠውን መልሶ ለጃፓን ላከው! መምህርሽ አላምንም ካለ፣ የአባ ጎርጎርዮስ ተማሪ የነበረው ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ጽፎታል በዪው።

ጽሑፉን ስትጨርሺ መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ። እናትሽ በርበሬው ደርሷት ይሆን እያለች ነው፤ ደውዪላት።

የሚወድሽ አባትሽ