ላልሰጣችሁን ኢንተርኔት የተቀበላችሁትን ገንዘብ መልሱ

ይድረስ ለቤት ኢንተርኔት አገልግሎት ማዕከሉ ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ኃላፊ፣

የቅሬታ ቅጽ ሞልቻለሁ። በነፃ መስመሩ ደውዬ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ውያለሁ። ቢሮዎ በር ላይ ቆሜም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። በግል ስለው ሰሚ ስላጣሁ አሁን ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ እጽፍልዎታለሁ።

የምንኖረው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ዋይፋይ ያስገባነው ለቅንጦት አይደለም። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ድምፅ ጠፋብን። ያኔ በኢንተርኔት የሚገናኘው ቤቱ ዋይፋይ ያለው ብቻ ነበር። እናቴ በየጁምዓው ጎረቤት ቤት እየሄደች «እስኪ ደውሉልኝ» ማለት ከበዳት። እህቴ ይህን ስትሰማ «አስገቡ፣ እኔ እከፍላለሁ» አለች። ፖርት፣ ማለትም አዲስ መስመር የሚሰካበት ክፍት ቦታ፣ የለም ተብለን ወረፋ ጠበቅን። በመጨረሻ ገባልን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያውን የምትሸፍነው እሷ ናት። የሰው ቤት አጽድታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ በምታገኘው ደመወዝ።

አሠሪዋ ስልኳን የምትሰጣት ጁምዓ ብቻ ነው። የዚያን ቀን እናቴ ሻርፗን አስተካክላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ትቀመጣለች። ጀበናው ከጎኗ ነው። ኢሞ ሲጮኽ ቤተሰቡ በሙሉ ይሰበሰባል። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠበቀው ይኼ ነው። ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚያዩት ካርቱን ቢቀር ይቅር፣ ስለሱ አልጽፍልዎትም ነበር።

መንገዱ ለኮሪደር ልማት ሲቆፈር ገመዳችን ተበጠሰ። የቆፈራችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ በዚያ አልወቅሳችሁም። ገመዱ ዛሬም ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ በፌስታል ተጠቅልሏል። ሞደሙ ላይ መስመሩ መቋረጡን የምትናገረው «ሎስ» የምትባለዋ መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ባለሙያው መጥቶ አየና «አብሽሩ፣ ገመድ ሲመጣ እንቀጥለዋለን» አለን። ጨዋ ልጅ ነው። እሱን አልተቀየምኩትም።

ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስልኬ ላይ ቅሬታዬ እንደተፈታ የሚናገር መልእክት ገባ። ሳነበው ቀይዋ መብራት ፊት ለፊቴ እየበራች ነበር። ማን ፈታው? ማን መጥቶ አየው? መልእክቱን ይዤ ማዕከላችሁ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አይታ «እዚህ ላይ ተሠርቷል ነው የሚለው» አለችኝ። በስልኬ ያነሳሁትን የገመዱን ፎቶ አሳየኋት። አላየችውም። ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራች።

ወሩ ሲያልቅ ቢል መጣ። ሙሉ ሒሳብ፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀነስ። የሚቀጥለውም ወር እንደዚያው። ላልሠራ መስመር ለምን እከፍላለሁ ብዬ ጠየቅሁ። «መጀመሪያ ክፈሉ፤ ካልከፈላችሁ መስመሩ ይነሳል፣ ፖርቱን የሚጠብቅ ሰው አለ» ተባልኩ። ከፈልኩ። ምን ላድርግ? መስመሩ አንዴ ከተነሳ እንደገና ከወረፋ መጀመር ነው። ይህን እያወቃችሁ ነው የምታስፈራሩን።

ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ፣ ለመፈጸምም ያልተዘጋጀ ተዋዋይ ሌላውን «ፈጽምልኝ» ማለት እንደማይችል ይናገራል። ከእናንተ ጋር የፈረምነው ውል ነው። እኛ ሳናጓድል ከፈልን። እናንተ ግን ምንም ሳትሰጡ ተቀበላችሁ፣ ተሠርቷል ብላችሁም ራሳችሁ ፈረዳችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን የተቋቋመው የደንበኛው መብት እንዲጠበቅም ጭምር ነው።

የሞባይል ኢንተርኔቱ ስለተመለሰ፣ አሁን ጁምዓ ሲመጣ የሞባይል ፓኬጅ እየገዛሁ አገናኛቸዋለሁ። ቪዲዮ ፓኬጅ ይበላል፤ ወሬያቸው ሳይጋመስ ያልቃል። በቀደም እህቴን ለብቻዋ ሳገኛት ስትከፍል የቆየችው ለማይሠራ መስመር እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እማዬ እንዳትሰማ» አለችኝ። ክቡር ኃላፊ፣ የማን ገንዘብ እንደወሰዳችሁ እንዲያውቁት ነው ይህን የምጽፈው።

በ2014 በጦርነቱ ስልክ ሲቆረጥ፣ የዘመድ ድምፅ ማጣት ምን እንደሆነ ደሴ አይታዋለች። እርስዎም እዚህ ከነበሩ ያውቁታል። ያኔ ጦርነት ነበር። ዛሬ ግን የተበጠሰው አንድ ገመድ ነው፣ እሱንም የሚቀጥል ባለሙያ አላችሁ።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ገመዱን ቀጥሉ። መስመሩ ባልሠራባቸው ወራት የተከፈለውን ሒሳብ መልሱ። ደንበኛው ራሱ «ተሠርቶልኛል» ሳይል ቅሬታውን አትዝጉ። በእኛ ሰፈር ብቻ ደረሰኝ ይዘው የሚያማርሩ ጎረቤቶች ስላሉ ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዝም ካላችሁ የሁላችንንም ደረሰኝና የገመዱን ፎቶ ሰብስቤ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በጽሑፍ አመለክታለሁ።

ደንበኛችሁ
ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ