ለልጆቻችን የቤዝቦል መለማመጃ ጣሪያ የቀረበ አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወገኖቻችን፣

እንደሰማችሁት የመለማመጃችን ጣሪያ በረዶ ከብዶት ወድቋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌሊት ስለነበር ማንም አልተጎዳም። መረቡ ግን ተበጣጥሷል፤ ኳስ መወርወሪያው ማሽንም ውሃ ገብቶበታል። ኢንሹራንሱ አይሸፍንም ተብለናል። ከገቢ ማሰባሰቢያው እራት ደግሞ የአዳራሽ ኪራይ ተከፍሎ የተረፈው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳፍራል። ደክሞናል። ግን ማርች መጀመሪያ ላይ የሃይስኩል ትሪያውት (ለትምህርት ቤቱ ቡድን ተጫዋች የሚመረጥበት ፈተና) አለ፤ ልጆቹ የሚለማመዱበት የላቸውም።

"ቤዝቦል ምናችን ነው?" የምትሉ አላችሁ። እኛም ያደግነው በእግር ኳስ ነው። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ለሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ ውድድር ከከተማ ከተማ የምንዞረውም እኛው ነን። ልጆቹ ግን እዚህ ተወልደው ይሄን መረጡ። ችሎታው አላቸው፤ የጎደላቸው የሚያያቸው ሰው ነው።

የኮሌጅ አሰልጣኞች ተጫዋች የሚመለምሉት በአብዛኛው ሰመር ላይ፣ ከሚጓዙት የግል ቡድኖችና ሾውኬዝ ከሚባሉት መድረኮች ነው። ለዚያ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። ቅዳሜና እሁድ ኡበር የሚነዳ አባትና የሌሊት ተረኛ የሆነች እናት ገንዘቡን ቢያገኙ እንኳ ልጁን የሚያደርሱበት ሰዓት የላቸውም።

በ2025 ደግሞ በሩ ይበልጥ ጠበበ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ (ኤንሲኤኤ) ከተጫዋቾች ጋር ባደረገውና በዚያ ዓመት ጁን ላይ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት፣ ስምምነቱን የተቀበሉ የዲቪዥን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) የቤዝቦል ቡድኖች መያዝ የሚችሉት 34 ተጫዋች ነው። ቦታው ሲያንስ አሰልጣኙ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወር፣ ሰውነቱ የጠነከረ ተጫዋች ይመርጣል። የ17 ዓመት ልጅ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ እኛ የያዝነው መንገድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ታዋቂው የቤዝቦል ተጫዋች አልበርት ፑሆልስ በልጅነቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ መጥቶ ሃይስኩል ሚዙሪ ተማረ፤ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫወተ። በ1999 የሜጀር ሊግ (የዋናው ፕሮፌሽናል ሊግ) ቡድን በዓመታዊው የተጫዋቾች ምርጫ የመረጠው 13ኛው ዙር ላይ ነው። 703 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) መትቶ ጡረታ ወጣ። ልጆቻችን ፑሆልስ ይሆናሉ አንልም። ወጪው የተቃለለ ዲግሪ ይበቃናል።

እስካሁን ሁለት ልጆቻችን የኮሌጅ ቡድን ገብተዋል። ከሁለቱ አንዱን፣ ካቸሩን (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበለውን) ታስታውሱታላችሁ፣ በሃይስኩል ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር የሚውለው። ቪዲዮውን ቀርጸን ለአሰልጣኞች የላክነው እኛ ነን። የሒሳብ ጥናቱንም አላቋረጥንም፤ ከሃይስኩል በቀጥታ ገብቶ ዲቪዥን 1 ለመጫወት 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በእነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል።

"ገንዘቡ የት ገባ?" ለሚለው፦ ለማሽኑ፣ ለመረቡ፣ ለካሜራውና ለቦታው ኪራይ። የ400 ዶላሩ ባት (የኳስ መምቻው) ብዙ አስወርቷል። ብረት ባት ቢቢኮር የሚል ማህተም ከሌለበት ዳኛ ከጨዋታ ያስወጣዋል፤ የገዛነውንም ሁሉም በጋራ ነው የሚጠቀሙበት። ደረሰኙ በሙሉ ገንዘብ ያዧ ጋ አለ፣ መጥታችሁ እዩ። ለኮሚቴ አባል ከዚህ ገንዘብ ቡና እንኳ አልተገዛም። (ቤንዚኑም ከኪሳችን ነው፤ ማንሳት ባንወድም።)

ጣሪያውን ለመመለስ 12,000 ዶላር ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ገና ያላገኘነው 7,000 ነው። አሥራታችሁን ለቤተ ክርስቲያን ስጡ፤ እኛ የምንለምነው ከዚያ የተረፈውን ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ በረመዳን ያደረጋችሁልንን አልረሳንም። ሰው ሲሞትብን በአንድ ቀን እንረባረባለን። ለሚያድግ ልጅስ?

ዜል የምትልኩ፣ ቁጥሩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሚታደለው ወረቀት ላይ ነው። ሜሞው ላይ "ጣሪያ" ብላችሁ ጻፉ። ቼክ በኮሚቴው ስም ብቻ ይሁን፣ በግለሰብ ስም እንዳትጽፉ። ጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ደውሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጣችሁ ካለ የእኛ ሰው አይደለም።

በድጋሚ፦ ዜል፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር፣ ሜሞው ላይ "ጣሪያ"። ባለፈው ያለ ሜሞ የተላከ 200 ዶላር ባለቤቱ እስካሁን አልታወቀም፤ እባክዎ ይደውሉልን፣ ደረሰኝዎ ተዘጋጅቷል።

ኮሚቴው